ከምሰሶው ላይና ከምሰሶው ሥር

መብራት ጠፍቶ ቆይቶ ድንገት ሲመጣ ልጆች በየቤቱ የሚያሰሙትን ጩኸት የማያውቅ የከተማ ሰው በአገራችን ያለ አይመስለኝም። «መጣ!» ይላሉ፤ ማን እንዳመጣው ግን የሚጠይቅ የለም። ትልልቆቹም ቢሆኑ ሻማውን እፍ ብለው ወደ ጀመሩት ሥራ ይመለሳሉ እንጂ፥ ያ ብርሃን እንዲመጣ በዝናብና በጨለማ እንጨት ላይ ወጥቶ የነበረ ሰው መኖሩን አያስቡም። እኔም ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ እንደነሱው ነበርሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ያንን ጩኸት በሰማሁ ቍጥር ልቤ ደንገጥ ይላል። ምክንያቱን በቦታው እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን፥ ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ ምሰሶ የመውጣት ሥራ ከየት እንደ መጣና ምን ያህል ሕይወት እንደ በላ ጥቂት ልተርክላችሁ እወዳለሁ፤ የእኔ ጥፋት ክብደቱ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነውና።

ሽቦ በምሰሶ ላይ መዘርጋት የተጀመረው ለመብራት አይደለም፤ ለወሬ ነው። ሳሙኤል ሞርስ እ.ኤ.አ. በ1844 ዓ.ም. ከዋሽንግተን እስከ ባልቲሞር የመጀመሪያውን ረጅም የአሜሪካ ቴሌግራፍ መስመር ሲያስዘረጋ፥ ሐሳቡ ሽቦውን ከመሬት በታች ለመቅበር ነበር። የተቀበረው ሽቦ አልሠራ ስላለው ግን ምሰሶ አስተክሎ በዚያ ላይ ሰቀለው። እንግዲህ ይህ ሁሉ ሰው በዓለም ላይ ምሰሶ ሲወጣ የኖረው፥ አንድ ነገር አልሳካ ስላለ በተገኘ መላ ምክንያት ነው ለማለት ይቻላል።

ወደ አገራችንም ሽቦው የገባው በዚሁ መልክ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ያስዘረጉት የስልክና የቴሌግራፍ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት በዚያ ዘመን መስመር መጠበቅ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ዝሆን እንጨቱን እየታከከ ይጥለዋል፥ ጦጣ በሽቦው ላይ እየተወዛወዘ ይጫወትበታል፥ ሰውም ሽቦውን እየቈረጠ አምባር ያደርገዋል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የዚያን ጊዜ የመስመር ሠራተኛ የሚፈራው ከፍታውን፥ በረሓውንና አውሬውን ነበር። ሽቦው ራሱ፥ መብረቅ ካልመታው በቀር፥ የሚገድል አልነበረም፤ ቃል ለማስተላለፍ የሚበቃው ኀይል እጅግ ትንሽ ነውና። ሠራተኛው ሽቦውን በባዶ እጁ እንደ ልብሱ ክር ይይዘው ነበር።

ይህ የተለወጠው የመብራት ሽቦ ከቴሌግራፉ ሽቦ ጐን በመጣ ጊዜ ነው። በኒው ዮርክ ከተማ ብሮድዌይ የሚባለው መንገድ እ.ኤ.አ. በ1880 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ በራ። ለዚያ መብራት የሚላከው ኀይል በሺህ በሚቈጠር ቮልት የሚለካ ነበር። ኩባንያዎቹም እየተሽቀዳደሙ ሽቦአቸውን ከስልኩና ከቴሌግራፉ በላይም በታችም ይሰቅሉት ጀመር። ጥቅሙ የቀረው አሮጌ ሽቦ ደግሞ የሚያወርደው ስለሌለ እዚያው ይቀራል። በዘመኑ የተነሡትን ፎቶግራፎች ያየ ሰው እንደሚያውቀው፥ አንዱ ምሰሶ በአንዱ ላይ የተደራረቡ ብዙ አግዳሚዎች ተሸክሞ ይታያል፤ የከተማውም ሰማይ የሸረሪት ድር ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1884 ዓ.ም. ሽቦው ሁሉ ከመሬት በታች እንዲቀበር ሕግ ወጣ። ኩባንያዎቹ ግን ወጪው ስለ ከበዳቸው ዛሬ ነገ ሲሉ ዓመታት አለፉ።

ኦክቶበር 11 ቀን 1889 ዓ.ም. ጆን ፊክስ የሚባል የቴሌግራፍ መስመር ሠራተኛ በዚያው ከተማ፥ ብዙ ሕዝብ በሚተላለፍበት መንገድ ዳር፥ በጠራራ ቀን ምሰሶ ላይ ወጣ። የያዘው ሽቦ የቴሌግራፍ ሽቦ ነበር፤ እንደ ሥራው ልማድ ከሆነ የሚያስፈራ ነገር አልነበረበትም። ነገር ግን ያው ሽቦ እሱ ከማያየው ስፍራ፥ ጥቂት መንገዶች አልፎ፥ ከኀይለኛ የመብራት ሽቦ ጋር ተነካክቶ ነበር። ፊክስ ወዲያው ሞተ። ሬሳውም ከሽቦዎቹ መካከል ተይዞ፥ ብዙ ሰው ከታች ቆሞ እያየ፥ ከግማሽ ሰዓት በላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። ሕጉ ከወጣ አምስት ዓመት ሆኖት የነበረው ከተማ ያን ጊዜ ነቃ። የከተማው ከንቲባ ሂው ግራንት አደገኛው ሽቦ እንዲወርድ አዘዙ፤ ኩባንያዎቹ በፍርድ ቤት ጥቂት ጊዜ ቢያዘገዩትም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ምሰሶዎቹ መቈረጥ ጀመሩ።

ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር የሚከነክነኝ ሰውዬው ያልተሳሳተ መሆኑ ነው። አልሰከረም፥ አልቸኰለም፥ የማይገባውን ሽቦ አልነካም። የገደለው ሌላ ሰው፥ በሌላ መንገድ ላይ፥ በሌላ ቀን የሠራው ወይም ሳይሠራ የተወው ነገር ነው። ያም ሌላ ሰው፥ ማንም ይሁን ማን፥ ፊክስ የሚባል ሰው መኖሩን እንኳ አያውቅም ነበር ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ሠራተኞቹ ራሳቸው ስለ ራሳቸው ማሰብ ጀመሩ። በሴይንት ልዊስ ከተማ ሄንሪ ሚለር የሚባል ሰው ነበር፤ በልጅነቱ ለቴሌግራፍ መስመር ዘርጊዎች ውሃ እያቀረበ ሥራውን የጀመረ፥ ኋላም ራሱ የመስመር ሠራተኛ የሆነ ነው። በዚያ ጊዜ የዚህ ሥራ ባለቤቶች በቀን ዐሥራ ሁለት ሰዓት፥ በሳምንትም ሰባቱንም ቀን ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1891 ዓ.ም. ሚለርና ሌሎች ዘጠኝ መልእክተኞች ከአንድ ጭፈራ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ተሰብስበው የኤሌክትሪክ ሠራተኞችን ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ፤ ሚለርም የመጀመሪያው ፕሬዚደንት ሆነ። የማኅበሩ ታሪክ እንደሚተርከው በአንዳንድ ስፍራ ለመስመር ሥራ ከሚቀጠሩት ሰዎች ከሁለቱ አንዱ በሥራው ላይ ይሞት ነበር። ሚለር የሥራ መሣሪያውን ይዞ በዕቃ ባቡር እየተሳፈረ፥ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ፥ ቀን ምሰሶ ላይ ሲሠራ እየዋለ ማታ ሠራተኛውን ያደራጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1896 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ ምሰሶ ላይ ሳለ 2,200 ቮልት ያዘውና ወድቆ ሞተ። የሠራተኛው ሞት እንዲቀነስ ማኅበር ያቋቋመው ሰው በዚያው ሞት ሄደ።

አሁን ስለ ጥበቡ ጥቂት ልንገራችሁ። ይህን ያስተማረኝ በከተማችን የሚሠራ አንድ የመስመር ሠራተኛ ነው፤ እንዴት እንደ ተዋወቅን ወደ በኋላ ይመጣል። ጋሼ እያልሁ ስለምጠራው እዚህም ጋሼ እለዋለሁ።

ጋሼ ምሰሶ ሥር ሲደርስ ወደ ላይ አያይም፤ ወደ ታች ነው የሚያየው። እንጨት የሚበሰብሰው ከጫፉ ሳይሆን አፈርና አየር ከሚገናኙበት ከእግሩ ነው። በአገራችን አብዛኛው የመስመር እንጨት ባሕር ዛፍ ነው፤ መድኀኒት ተቀብቶ ቢተከልም ምስጥና እርጥበት ቀስ በቀስ ይረታዋል። ስለዚህ ጋሼ ዙሪያውን በመዶሻ ይመታዋል። ጤናማው እንጨት ደረቅና ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ግን እንደ ከበሮ ይጮኻል። እግሩ የበሰበሰ እንጨት ለብዙ ጊዜ ቀጥ ብሎ ሊቆም ይችላል፤ ግራና ቀኝ የተወጠሩት ሽቦዎች ይዘውታልና። የሚወድቀው ሠራተኛው ወጥቶ ሽቦውን በቈረጠ ጊዜ ነው። እንጨቱን ያቆመው ሽቦው መሆኑን ሳያውቅ የቈረጠ ሰው ከእንጨቱ ጋር አብሮ ይመጣል።

ከዚያ መውጣቱ ነው። ከእግር ውስጠኛ ጐን ሹል ያለው ብረት በጠፍር ይታሰራል፤ በየእርምጃው ሹሉ እንጨቱን ይወጋል። ጀማሪ በፈራ ጊዜ እንጨቱን ያቅፋል። ማንኛችንም ብንሆን ይህንኑ እናደርግ ነበር፤ ሰው የፈራ እንደ ሆነ የያዘውን ነገር ወደ ደረቱ ያስጠጋልና። ነገር ግን ሰውነቱ ወደ እንጨቱ በተጠጋ መጠን ሹሉ ወደ ታች እያዘነበለ ይሄድና ይለቃል፤ ሰውዬውም እንጨቱን እንዳቀፈ፥ ስንጥሩ ደረቱንና ክንዱን እየላጠው፥ እስከ መሬት ይንሸራተታል። የሚጸናው ጕልበቱን ከእንጨቱ አርቆ፥ ወገቡን ወደ ኋላ ጥሎ፥ ክብደቱን ሁሉ በሹሉ ላይ ያሳረፈ ነው። ጋሼ እንደ ነገረኝ ይህን ለመማር ከእጅና ከእግር ይልቅ ሆድ ነው የሚቸገረው። ላይ ከደረሰ በኋላ ወፍራሙን መቀነት በእንጨቱ ዙሪያ አሳልፎ ያስርና ሁለቱ እጆቹ ለሥራ ነጻ ይሆናሉ። በኮንክሪት ምሰሶ ላይ ግን ሹሉ አይሠራምና መሰላል የግድ ነው።

ከፍታው ይህ ነው፤ ይለመዳል። የማይለመደው ኤሌክትሪኩ ነው። አይታይም፥ አይሸትም፥ ከሩቅም አይሞቅም። ወፍ በሽቦው ላይ ተቀምጣ ስትዘፍን የምናየው ሁለቱ እግሮችዋ ባንድ ሽቦ ላይ ስለ ሆኑ ነው፤ ኀይሉ በእርስዋ በኩል አልፎ የሚሄድበት ሌላ ወገን የለም። ሰው ግን በአንድ እጁ ሽቦውን፥ በሌላው የሰውነቱ ክፍል ሌላ ሽቦ ወይም ከመሬት ጋር የተያያዘ ብረት የነካ እንደ ሆነ መንገዱ እሱ ራሱ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚገድለው ታላቅ ኀይል ብቻ ይመስለዋል። በቤታችን ያለች አንዲት 60 ዋት አምፖል በ220 ቮልት ስትበራ የምትወስደው ሩብ አምፔር ያህል ነው፤ በደረት በኩል ካለፈ የሰውን ልብ ለማወክ የዚህ ግማሽ እንኳ ይተርፋል። ከየሰፈሩ ትራንስፎርመር በላይ ያለው ሽቦ ደግሞ በአገራችን ብዙውን ጊዜ 15,000 ቮልት የተሸከመ ነው።

ስለዚህ የሥራው ደንብ የተሠራው ሁሉን በመጠርጠር ላይ ነው። ማጥፊያውን አጥፋ፤ ሌላ ሰው እንዳያበራውም ዝጋው ወይም ጠባቂ አቁምበት። የጠፋውን ደግሞ መጥፋቱን በመሣሪያ መርምር። ከመረመርህ በኋላ ሽቦዎቹን እርስ በርሳቸውና ከመሬት ጋር እሰር፤ ኀይል ከማታስበው ወገን ቢመጣ በአንተ ሳይሆን በማሰሪያው በኩል ወደ መሬት ይሂድ። ለውጭ ሰው ይህ ሁሉ መንቀርፈፍ ይመስለዋል። እኔ ግን እያንዳንዱን መስመር ሳነብ ከበስተኋላው እንደ ፊክስ ያለ ሰው ይታየኛል።

ምሰሶው ሥር ስለሚቆመውም ሰው አንድ ነገር ልናገር። ጁላይ 17 ቀን 1967 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ በአሜሪካ በፍሎሪዳ ክፍለ ሀገር በጃክሰንቪል ከተማ ራንዳል ቻምፒየንና ጄ. ዲ. ቶምፕሰን የሚባሉ ሁለት የመስመር ሠራተኞች የተለመደ ጥገና ያደርጉ ነበር። ቻምፒየን ከምሰሶው ጫፍ ላይ ከ4,000 ቮልት በላይ ያለበትን ሽቦ ነካና ልቡ ቆመ። መቀነቱ ስለ ያዘው አልወደቀም፤ ቍልቍል ተዘቅዝቆ ተንጠለጠለ። ከበታቹ የነበረው ቶምፕሰን ወደሱ ሮጦ ወጣ። በዚያ ከፍታ ላይ ደረቱን ለመጫን ስላልተቻለው በአንድ ክንዱ ራሱን ደግፎ በአፉ ትንፋሹን ይሰጠው ጀመር፤ የደም ሥሩ ትርታ እስኪሰማውም ድረስ አላቋረጠም። ከዚያ መቀነቱን ፈትቶ በትከሻው ተሸክሞ አወረደው። በዚያ ያልፍ የነበረ ሮኮ ሞራቢቶ የሚባል የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ በመኪናው ራዲዮ አምቡላንስ ካስጠራ በኋላ ፎቶግራፉን አነሣ፤ በማግሥቱም ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኘበት። ቻምፒየን ከዚያ ቀን ወዲህ 35 ዓመት ያህል ኖረ። ፎቶግራፉን ያየ ሰው በመጀመሪያ ሁለት ሰዎች ሲሳሳሙ ይመስለዋል። እኔ የማየው ግን የቶምፕሰንን እግሮች ነው፤ እንዲህ ባለ ጭንቅ ውስጥ እንኳ እንጨቱን አላቀፈም።

እንግዲህ የራሴን ልናገር።

በአገራችን የኤሌክትሪክ መብራትና ኀይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ከተቋቋመ፥ የቆቃም ግድብ በ1952 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ መስመሩ ቀስ በቀስ ወደ ብዙ ከተሞች ተዘረጋ። እኔ ባደግሁባት በደብረ ብርሃንም መብራት ብርቅ መሆኑ ካለፈ ቆይቶ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የእኅቴ ልጅ ክርስትና በወላጆቼ ቤት ይደገስ ነበር። በዋዜማው ወደ ማታ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ መጣና ከሰፈሩ መግቢያ ያለውን ባሕር ዛፍ ገንድሶ በሽቦው ላይ ጣለው። ከተበጠሰው ሽቦ ወዲህ ያለን ስድስት ቤቶች ብቻችንን ተቈርጠን ጨለምን። እንጀራው ገና አላለቀም፤ ዘመድ ከሩቅ መጥቶ በጭለማ ተቀምጧል፤ እናቴም መላው ጠፍቶባት ትመላለሳለች።

እኔ አንድ ዓመት የቴክኒክ ትምህርት ተምሬ ለዕረፍት መምጣቴ ነበር። አንድ ዓመት የተማረ ሰው ከምንም ያልተማረ የሚከፋበት ጊዜ አለ። ከአንድ ነጋዴ ጐረቤት ትንሽ ጄኔሬተር ተዋስሁና ሁለቱም ጫፉ ስፒና የሆነ ገመድ ሠርቼ በግድግዳው ሶኬት በኩል ቤቱን በሙሉ ለማብራት ተነሣሁ። አባቴ «ልጄ፥ ይህ ነገር አደጋ የለውም?» ብሎ ጠየቀኝ። «አባባ፥ የተማርሁት ይህንኑ አይደለም እንዴ?» አልሁት። ከቆጣሪው ሥር ያለውን ዋናውን ማጥፊያ ግን አላጠፋሁም። ትዝም አላለኝ።

ጄኔሬተሩን ሳስነሣው ቤታችን በራ። ወዲያው የጐረቤታችን ቤት በራ፤ ቀጥሎም ያለው። ልጆቹም ከየቤቱ «መጣ!» ብለው ጮኹ። የእኔ ጄኔሬተር የሰውን ቤት እንዴት ሊያበራ ቻለ ብዬ መደንገጥ ሲገባኝ ኰራሁ። የኰራሁት ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ ያህል ነው። ከመንገዱ ማዶ «አጥፉት! አጥፉት!» የሚል ድምፅ ሰማሁና፥ ምን እንደ ሆነ ሳላውቅ እጄ ብቻ ዐውቆ አጠፋው።

ጥቂት ቆይቶ የዝናብ ልብሱ ውሃ የሚያንጠባጥብ፥ በእግሮቹ ላይ ብረት የታሰረ፥ አጭር ሰው በደጃፋችን ቆመ። «ጄኔሬተር ያስነሣው ማነው?» አለ። «እኔ ነኝ፥ ጋሼ» አልሁት። እሱ ከተበጠሰው ሽቦ ምሰሶ ላይ ነበር። ጓደኛውን ትራንስፎርመሩ ዘንድ ጠባቂ አድርጎ አቁሞት ነበር፤ ሽቦውንም መርምሮ ባዶ መሆኑን አረጋግጦ ነበር። ከመሬት ጋር የሚያስረውን ገመድ ለመግጠም እጁን በሚዘረጋበት ሰዓት ልጆቹ ጮኹ። ጓደኛው ሳይነግረው መብራት ሊመጣ እንደማይችል ያውቃልና እጁን መለሰ። ደግሞ ቢመረምረው በሽቦው ላይ ኀይል ነበረበት። የልጆቹ ጩኸት ለጥቂት ጊዜ ቢዘገይ ኖሮ እኔ ዛሬ ይህን በምጽፍበት እጄ ሰው ገድዬ ነበር።

አልሰደበኝም። ገመዱን ከሶኬቱ ነቅሎ ሁለቱን ጫፎች በባትሪ መብራት አየ፤ ጠቅልሎም ከኪሱ ከተተው። አባቴ «ጌታዬ፥ ይቅር ይበሉን፤ ልጅ ነው፥ አላወቀም» ብሎ ሊማጠነው ሲጀምር፥ «ግድ የለም አባቴ፤ እሱም እኔን አላየኝም፥ እኔም እሱን አላየሁትም» አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ና፥ ገመድ ያዝልኝ» አለኝ።

ምሰሶው ሥር ቆምሁ። የያዝሁት መሣሪያ ወደ ላይ የሚላክበትን ገመድ ነው። ከታች ሆኜ የሚታየኝ የጫማው ሶልና የባትሪው ብርሃን ብቻ ነበር፤ ዝናቡም ዐይኔ ውስጥ ይገባል። «ፒንሳውን ላክ» ይለኛል፤ እልካለሁ። «ሳብ አድርግ» ይለኛል፤ እስባለሁ። እጄ መንቀጥቀጡን በገመዱ በኩል ያወቀብኝ ይመስለኛል፤ አንድ ጊዜ ከላይ ሆኖ «አይዞህ፥ አሁን ታስሯል» አለኝ። ወደ ቤታችን መስኮት ዘወር ብዬ ሳይ የሻማው ብርሃን ይወዛወዛል። በእነዚያ ስድስት ቤቶች ውስጥ ካሉት ሰዎች አንዱ እንኳ እንደ እኔ ብልኀተኛ ሆኖ ቢነሣ ምን ይሆናል እያልሁ አንድ በአንድ እቈጥራቸው ነበር።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ማሰሪያውን ፈትቶ ወረደ። ለጓደኛው ስልክ ደወለና «ወርጃለሁ፤ አብራ» አለው። መብራቱ ባንድ ጊዜ በራ። ልጆቹ «መጣ!» አሉ። ጋሼ ጐንበስ ብሎ የእግሩን ጠፍር ይፈታ ስለ ነበር ቀና ብሎ አላየም።

«ድግሱ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የእኅቴ ልጅ ክርስትና ነው።»

«እግዚአብሔር ያሳድግላችሁ።»

እናቴ በትልቅ ዋንጫ ጠላ ይዛ ከደጅ ጠበቀችው። «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ፤ ዛሬ ሌላ እንጨት ይቀረኛል» ብሎ ዋንጫውን በሁለት እጁ ሳይነካ መለሰላትና፥ ቡና ብቻ ለመጠጣት ብረቶቹን ከበሩ አጠገብ አስቀምጦ ገባ።